የሰኞ ብልቃጦች

«የአባባን መርፌ ከኛ ሱቅ እንዳታመጪ» አለ ሙስዓብ። «ከሌላ ፋርማሲ ግዢለት። ከየትም ይሁን፤ ብቻ ከኛ አይሁን።»

ዐፊፋ ይህን የሰማችው ሐሙስ ጠዋት ፊቷን ታጥባ ስትወጣ ነው። ታላቅ ወንድሟ ከሚስቱ ከሰልዋ ጋር በኮሪደሩ ጫፍ ቆሞ በሹክሹክታ ያወራ ነበር። በአፍንጮ በሩ አሮጌ ቤት ግን ክፍሉን ከክፍል የሚለየው ቺፑድ ስለሆነ አንዱ ጋ የተተነፈሰው ሌላው ጋ ይሰማል። ሰልዋ «ለምን?» ብላ ስትጠይቀው ከኪሱ ብር አውጥቶ እጇ ላይ አደረገላትና ዞር ሲል ዐፊፋን ፎጣዋን እንደያዘች አያት። ደኅና አደርሽ አላላትም። እሷም ደኅና አደርክ አላለችውም። ከደሴ የገባችው ትናንት ማታ ነበር፤ የአክስታቸውን ቀብር ቆማ፣ ሐዘንተኛውን አስተዛዝና፣ ስድስት ቀን ቆይታ። ጫማዋ ላይ ገና የመንገዱ አቧራ አለ። የሰማችውን ነገር ልቧ ውስጥ አስገብታ ወደ ሳሎን አለፈች።

አባታቸው ሐጅ ኡመር የመስኮቱ ብርሃን በሚያርፍበት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው በሐኪም ቤት ቁስል የሚያሽጉ ድሬሰር ነበሩ፤ ከዚያ ፒያሳ ላይ ትንሽ መድኃኒት ቤት ከፍተው አርባ ዓመት ያህል ከባንኮኒው ጀርባ ቆሙ። ሰፈሩ ሲፈርስ የቀድሞው ሱቅም አብሮ ፈርሷል። አሁን ያለው፣ ከመፍረስ በተረፈው መስመር ላይ ያለ የአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ነው፤ ኪራዩን ሲሰሙ «ይህን ያህል ብር እኔ በአንድ ላይ አይቼ አላውቅም» ብለው ለልጃቸው አስረከቡት። ንግዱን የሚመራው ሙስዓብ ነው። ፋርማሲስቷ ደግሞ ዐፊፋ ናት፤ በግድግዳው ላይ በመስታወት ተሰቅሎ የሚታየው ፈቃድ የሷን ፎቶ የያዘ ነው። ሐጅ ኡመር ራሳቸው ስኳር ከያዛቸው አሥራ አንድ ዓመት አልፏል።

«አባባ፣ መርፌህን ወሰድክ?» አለቻቸው።

«ያለው ትናንት አለቀ። ሰልዋ አሁን ታመጣልኛለች።»

ሙስዓብ ዳቦውን እየቆረሰ ነበር። ዐፊፋ ወደሱ ዞር ብላ «ከሱቅ ትናንት ይዘህለት አትመጣም ነበር?» አለችው፤ ድምፅዋ ተራ ጥያቄ እንዲመስል ተጠንቅቃ።

«አልቋል» አለ። ዳቦውን ጎርሶ አፉን እስኪሞላ ድረስ ቀና አላለም።

ሰልዋ ቂንጬ አቀረበች፣ አነሣች። የሐጅ ኡመር ሬዲዮ ስለ ምንዛሪ ያወራል። በዚህ ቤት ዝምታ አዲስ አይደለም፤ እናታቸው ካረፉ ወዲህ ገበታው ላይ ከሰው ይልቅ ሬዲዮው ነው የሚናገረው። ዛሬ ግን ዐፊፋ ልትቀመጥበት አልቻለችም። ሻይዋን ሳትጨርስ ስስ ሹራቧን ለብሳ ወጣች።

ከአፍንጮ በር ቁልቁል ወርዳ፣ ድልድዩን ተሻግራ፣ ወደ ፒያሳ ዳገቱን በእግሯ ነው የምትወጣው። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊና ለስላሳ ነው፤ በግራና በቀኝ ግን ቀድሞ የምታውቃቸው በሮች የሉም፣ በነበሩበት ቦታ ሣር ተተክሏል። ማኪያቶ የምትጠጣበት ቤት ከጠፋ በኋላ ሌላ ቤት አልለመደችም፤ አንዱ ማኪያቶ የሚጠይቀው ዋጋ ድሮ የአንድ ሰው ምሳ ነበር። ፋርማሲው ስትደርስ ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ሜላት ቀድማ ገብታ ባንኮኒውን እየወለወለች ነው። ሜላት ስምንት ዓመት አብራት የሠራች ሻጭ ናት፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሁለት ልጆቿን በዚህ ደመወዝ ነው የምታሳድገው። ሁልጊዜ ጠዋት ሲገናኙ አንገቷን አቅፋ የምትስማት ሴት ዛሬ መወልወያውን ሳታስቀምጥ «እግዜር ያጽናሽ» ብቻ አለቻት።

ዐፊፋ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ጓዳ አልፋ ማቀዝቀዣውን ከፈተችው። ኢንሱሊኑ አላለቀም። ዓርብ እሷ ደሴ ልትሄድ ስትል የገባው ካርቶን እዚያው መሐል መደርደሪያ ላይ አለ፤ ከላይ ጥቂት ብልቃጥ ብቻ ጎድሎለታል። የሙቀት መለኪያው አምስት ይላል። በሩ ላይ በፕላስተር የተለጠፈውን ወረቀት አነበበች። መድኃኒቱ ከሁለት በታች እንዳይወርድ፣ ከስምንት በላይ እንዳይወጣ ጠዋትና ማታ መለኪያው እየታየ ይጻፍበታል። ቅዳሜ ጠዋት አምስት፣ ቅዳሜ ማታ አምስት። እሑድ ጠዋት አምስት፣ እሑድ ማታ አምስት። እሑድ ግን ሱቁ ዝግ ነው፤ እሑድ ማንም ገብቶ ጽፎ አያውቅም። ሁሉም አምስቶች በአንድ እስክርቢቶ፣ በአንድ ትንፋሽ የተጻፉ ናቸው።

አንድ ብልቃጥ አውጥታ ወደ መስኮቱ ወሰደች። ይህ ዓይነቱ ኢንሱሊን ደኅና ሲሆን በሁለት መዳፍ መሐል ቀስ ተደርጎ ሲንከባለል እንደ ወተት ይሆናል፤ አንድ ወጥ፣ የተስተካከለ። አንከባለለችው። አልተዋሐደም። ነጩ ነገር ተቆራርጦ እንደ ደቃቅ አሸዋ ውስጡ ዞረ፣ ከፊሉ የብልቃጡ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ቀረ፣ ውሃው ከላይ ጠራ። ሁለተኛውን አወጣች። ሦስተኛውን። ተማሪ ሳለች አስተማሪያቸው ሙቀት መድኃኒት እንደሚያበላሽ ሁሉም ሰው ያውቃል፣ በረዶ እንደሚያበላሽ ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው ይሉ ነበር። ይህ መድኃኒት በረዶ ሆኖ ያውቃል። ከቀለጠ በኋላ የማያውቅ ሰው ቢያየው ምንም የሆነ አይመስለውም።

«ሜላት» አለች ዞር ሳትል። «ይህን አምስት ማን ጻፈው?»

ሜላት በጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ተናገረችው። ቅዳሜ ረፋድ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም። ሙስዓብ መድኃኒቱ እንዳይሞቅ ብሎ ከሥጋ ቤት በረዶ ገዝቶ መጣና ብልቃጦቹን ከነካርቶናቸው ከበረዶው ጋር ከላይኛው የማቀዝቀዣ ክፍል፣ ውሃ ከሚረጋበት ቦታ ከተታቸው። ሱቁን ዘግተው ሄዱ። ማታ መብራት መጣ። ሰኞ ጠዋት ሲከፍቱት ሁሉም ድንጋይ ሆኖ አገኙት። ወደ ታች አውርደው እስኪቀልጥ ጠበቁ፤ ሲቀልጥ ሙስዓብ «ደኅና ነው፣ ሽጡ፤ ወረቀቱንም ሙዪው» አለ።

«አንቺስ?» አለች ዐፊፋ።

«እንጀራዬ ነው፣ ዐፊፋ» አለች ሜላት።

ካርቶኑን ከነያዘው በፕላስተር አሽጋ፣ ላዩ ላይ በቀይ «አይሸጥም» ብላ እየጻፈች ሳለ ሙስዓብ ገባ። መኪናውን ሩቅ አቁሞ ዳገቱን ስለወጣ ግንባሩ አልቦታል። ካርቶኑን አየ፣ ሜላትን አየ፣ ሜላት ወደ ውጭ ወጣች። ሙስዓብ ከዐፊፋ በሰባት ዓመት ይበልጣል፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተማራት እሱ ነው፣ የራሱን ትምህርት ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አቋርጦ። ይህን አንድም ቀን አንሥቶባት አያውቅም። ዐፊፋ ግን ከሱ ጋር በተጣላች ቁጥር መጀመሪያ ትዝ የሚላት ይኸው ውለታ ነው፤ አፏን የሚይዘውም።

«ማንም አልሞተም» አለ። ያለው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር።

«መድኃኒቱ እኮ ሰው አይገልም፣ ሙስዓብ። ምንም አያደርግም። ሰውየው ወጋሁ ብሎ ይተኛል፤ መድኃኒቱ ግን ምንም አያደርግለትም።»

«አስመጪው አይቀይርልኝም። ይህ ሁሉ ከሰረ ማለት ያለፈው ወር ኪራይ ነው። ታውቂያለሽ።»

«ደኅና መስሎህ ከሆነ የአባባን ለምን ለየህ?»

ሙስዓብ ባንኮኒው ላይ ያስቀመጠውን ቁልፍ አነሣና «ዝጊው እንግዲያ! ፈቃዱ ያንቺ አይደል? አባባ ዕድሜውን የፈጀበትን ዝጊው!» ብሏት ወጣ። የመስታወቱ በር ከኋላው ለብዙ ጊዜ ሲወዛወዝ ቆየ።

ዐፊፋ የማዘዣ መዝገቡን ገለጠች። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ኢንሱሊን የገዙ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም ሰኞ ነው የወሰዱት። አንደኛው አቶ ተክላይ፣ ስልክ ቁጥራቸው አለ። ሁለተኛዋ ወይዘሮ አልጋነሽ፤ ቤቷን ዐፊፋ ታውቀዋለች። ሦስተኛው በሙስዓብ የተጣደፈ እጅ የተጻፈ ነው፦ ኤዶም፣ ዕድሜ ዘጠኝ። አድራሻ የለውም፣ ስልክ የለውም። ዐፊፋ ዘጠኝ የምትለዋን ቁጥር ለረጅም ጊዜ አየቻት። ሙስዓብ ጋ ደወለች፤ አያነሣም። እንደገና ደወለች፤ ዘጋው።

አቶ ተክላይ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ስልኩን እንዳነሡ ማን እንደሆነች ነገረቻቸው፤ ሰኞ የወሰዱት መድኃኒት መበላሸቱንና እንዳይወጉት ስትነግራቸው «አልከፈትኩትም፤ የድሮው አላለቀልኝም» አሉ። ከዚያ ሽማግሌው ቆጣ ብለው «ለመሆኑ ልጄ፣ ማቀዝቀዣ የላችሁም?» አሉ። «አለን» አለች። «እንግዲያ የጠፋው ሌላ ነገር ነው» አሉና ዘጉት።

ወደ እሪ በከንቱ ስትወርድ አራት ሰዓት አልፏል። ከሌላ ፋርማሲ አዲስ ኢንሱሊን በራሷ ገንዘብ ገዝታ በበረዶ ከረጢት አቀዝቅዛ፣ በረዶው እንዳይነካው ብልቃጡን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። ጠባቡ የድንጋይ ደረጃ እርጥብ ነው፤ በየደጁ ልብስ ተሰጥቷል፣ ከአንዱ ቤት ሹሮ ሲንተከተክ ይሸታል። ወይዘሮ አልጋነሽ የምትኖረው ከደረጃው ሥር በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። አርባ ዓመት ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ካሸር ነበረች፤ ደንበኛ የምትስቀውን ሳቅ ብሎ የሚመጣላት። ልጅ የላትም። ዐፊፋ በሩን ስታንኳኳ «ክፍት ነው፣ ሌባም ተስፋ ቆርጦበታል» የሚል ደካማ ድምፅ ሰማች።

አልጋነሽ ተኝታለች። ከአልጋው አጠገብ ሁለት ሊትር የውሃ ጠርሙስ ባዶውን ወድቋል፣ ሌላው ተጋምሷል። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ዐፊፋን ስታይ ለመነሣት ሞከረችና ተወችው። «አርባ ዓመት ለሰው ስኳር ሸጬ፣ ትርፉ እኔ ጋ ቀረ» አለች። ልትስቅ ነበር፤ ሳቁ አልወጣላትም።

«እትዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆኑት?»

«ከማክሰኞ። ስለካው ከፍ ይላል። ምን በላሁ ብዬ ዳቦውን ተውኩ። አሁንም ከፍ ይላል። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ እሱ ግን ወይ ፍንክች!»

ዐፊፋ ይዛ በመጣችው መለኪያ የአልጋነሽን ጣት ወግታ ስኳሯን ለካች። መሣሪያው አራት መቶ ሰማንያ ስድስት አለ። ከደረጃው በላይ ያለውን ጎረቤት ሱፊያንን ጠራች፤ ጫማ ሠሪ ነው፣ እጁ ላይ ማስቲሽ እንዳለ ሮጦ መጣ። አልጋነሽን ደግፈው ደረጃውን ሲያወጧት ሦስት ጊዜ አረፉ። ጤና ጣቢያው ሩቅ አይደለም፤ ነርሷ ወዲያው አስተኝታ ግሉኮስ የሌለበት ውሃ ሰቀለችላት፣ ኢንሱሊን ወጋቻት። ሱፊያን ወደ ሥራው ተመለሰ። ዐፊፋ አልጋው አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ የአሮጊቷን እጅ ያዘች። አልጋነሽ ዐይኗን ጨፍና «እግዜር ይስጥሽ፣ ዐፊፋዬ። አንቺን የላከልኝ እሱ ነው» አለች። ዐፊፋ ይህን ምርቃት መቀበል አልቻለችም።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የምግብ አይደለም። የእርስዎ አይደለም። ሰኞ የሰጠንዎ መድኃኒት ተበላሽቶ ነበር። በረዶ ሆኖ ነበር። ወንድሜ እያወቀ ነው የሸጠው።»

አልጋነሽ ዐይኗን ገለጠች። ጣሪያውን አየች። እጇን ከዐፊፋ እጅ አላወጣችም፣ ግን ደግሞ አልጨበጠችም። አጠገባቸው ያለው አልጋ ላይ አንድ ሰው ያቃስታል። «ለስንት ሰው ሸጣችሁ?» አለች አልጋነሽ።

«ለሦስት።»

«ሌሎቹስ?»

«አንዱ አልከፈቱትም። አንዷ... ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አድራሻዋን አላውቅም።»

አልጋነሽ ያን ጊዜ እጇን አወጣች። «ታዲያ እኔን አቅፈሽ ምን ትሠሪያለሽ? እኔ ይቺን ዓለም ጠግቤያታለሁ፤ ነርሷም አለችልኝ። ተነሺ! ተነሺና ሂጂ!»

ከጤና ጣቢያው ደጅ ሆና ለሰባተኛ ጊዜ ስትደውል ሙስዓብ አነሣ። የት እንዳለ አልነገራትም፤ ከጀርባው የአዛን ድምፅ ይሰማል፣ የቀትሩ የዙሁር ሶላት ደርሷል።

«ኤዶም የምትባል ልጅ። ሰኞ። የጻፍከው አንተ ነህ። የት ናት?»

አዛኑ እስኪያልቅ ጠበቀ። «ሥላሴ ጀርባ ነው ቤታቸው» አለ በመጨረሻ። «እናቷ ጥሩነሽ ትባላለች፣ የመሥሪያ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት። ባለፈው ክረምት መድኃኒት ከከተማ ጠፍቶ በነበረ ጊዜ ሲገባልን ቤቷ ድረስ ወስጄላት ነበር። ብቻሽን አታገኚውም። ጠብቂኝ።»

መጥቶ ከጤና ጣቢያው ደጅ በመኪናው አሳፈራት። መንገዱ በተሽከርካሪ ተጨናንቆ አንድ መብራት ላይ ሦስት ጊዜ አረንጓዴ ሆኖባቸው አላለፉም። ሙስዓብ መሪውን በሁለት እጁ ይዟል።

«መብራት ሲጠፋ ፈራሁ» አለ ድንገት። «አንቺ የለሽም። እንዳይሞቅ ብዬ ነው። ለመጠበቅ ብዬ ነው የከተትኩት።»

«ዐውቃለሁ።»

«ሰኞ ሲቀልጥ ደኅና መሰለኝ።»

«መሰለህ?»

መብራቱ እንደገና ቀይ ሆነ። «አልመሰለኝም» አለ። «ወረቀቱን አንብቤዋለሁ። በረዶ ከሆነ አትጠቀሙ ይላል።»

ዐፊፋ ነገ ለሚቆጣጠራቸው መሥሪያ ቤት ጽፋ እንደምታስገባ ነገረችው። ካርቶኑን፣ የአምስቶቹን ወረቀት፣ የሦስቱን ሰዎች ስም፣ ሁሉንም። ሱቁን ሊያሽጉት እንደሚችሉ፣ የሷንም ፈቃድ ሊነጥቁ እንደሚችሉ ያውቃል። ራሱን ነቀነቀ። «ለአባባ ማን ይነግረዋል?» ብሎ ሲጠይቅ ድምፁ ከአርባ ሁለት ዓመት ሰው የሚወጣ አልመሰለም። «አንተ» አለችው።

ከሥላሴ አጥር ጀርባ ባለው ቅያስ መኪናው ስለማይገባ በእግር ነው የሄዱት። ጥሩነሽ ዛሬ ሥራ አልገባችም። በቆርቆሮ በሩ ላይ ቆማ ሙስዓብን ስታይ ፊቷ በራ፤ የምታውቀው፣ ክረምት ላይ ደጇ ድረስ መድኃኒት ያመጣላት ሰው ነው። «ኧረ እንኳን እግዜር አመጣችሁ» አለች። «ይቺ ልጅ ልትገድለኝ ነው። ደብቃ ጣፋጭ እየበላች ስኳሯ አልወርድ ብሏል። ማክሰኞ ከረሜላ በልተሻል ብዬ ብገርፋት አልበላሁም ብላ ዋሸችኝ። ትናንትም መታኋት። ሌሊቱን ሙሉ ስታስመልስ አደረች።»

ዐፊፋ ጎንበስ ብላ ገባች። ክፍሏ ንጹሕ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ቡታጋዝ፣ ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተጻፈ የማባዣ ሠንጠረዥ። ልጅቷ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። ትንፋሿ ፈጣንና ጥልቅ ነው፤ ከአፏ እንደበሰበሰ ፍሬ ያለ ሽታ ይወጣል። ዐፊፋ ይህን ሽታ፣ ኢንሱሊን ያጣ ሰውነት ራሱን ሲመርዝ የሚያወጣውን፣ ከመጽሐፍ ነበር የምታውቀው። መለኪያውን አላወጣችም። «አሁኑኑ ሆስፒታል» አለች። «መድኃኒቱን ይያዙት፣ የሰኞውን።» ከኋላዋ የቆመው ሙስዓብ አልፏት ሄዶ ልጅቷን ከነብርድ ልብሷ አነሣት። ምንም ክብደት አልነበራትም። ቅያሱን እየሮጠ ሲወጣ እናቷ ነጠላዋን እየጎተተች ተከተለቻቸው።

መኪናው ውስጥ ልጅቷ የእናቷ ጭን ላይ ነበረች። አንድ ጊዜ ዐይኗን ገልጣ በደረቀ ከንፈሯ «አልበላሁም» አለች። ለማን እንደተናገረች አይታወቅም። ጥሩነሽ እንባዋን እየጠረገች «ዝም በይ፣ አሁን ማን ጠየቀሽ» አለቻት። ዐፊፋ ከፊት ወንበር የወንድሟን ፊት በጎን አየችው። ልትናገር ነበር፤ ዞር ብላ ለእናትየው ልትናገር ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። መኪናው ግን የሆስፒታሉ በር ላይ ደረሰ፣ ጥበቃው መንገድ ከፈተ፣ ሙስዓብ ልጅቷን ይዞ ዘለለ።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ወረፋው ረጅም ነበር፤ ነርሷ የልጅቷን ትንፋሽ ሰምታ ወረፋውን አስዘለለቻቸው። ደም ተወሰደ፣ በሁለት እጇ መርፌ ተተከለ፣ ውሃ ተሰቀለ። ወጣቷ ሐኪም ከመጋረጃው ጀርባ ብዙ ቆየች። እነሱ ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፤ ጥሩነሽ ለሥላሴ እየተሳለች፣ ዐፊፋ ጥሩነሽ ያመጣችውን የሰኞ ብልቃጥ በእጇ ጨብጣ፣ ሙስዓብ ግድግዳውን ተደግፎ። ሸሚዙ ላይ የልጅቷ ትውከት አለ፤ አልጠረገውም። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሐኪሟ ጠራቻቸው። ልጅቷ ትራስ ተደርጎላት ቀና ብላለች፤ ትንፋሿ ዝግ ብሏል፣ ዐይኗ ተከፍቷል።

«በጊዜ ነው ያደረሳችኋት» አለች ሐኪሟ። «እስከ ማታ ቢቆይ ሌላ ነገር እንነጋገር ነበር። ትተርፋለች፤ ጥቂት ቀን እዚህ ትቆያለች።» ከዚያ ወረቀቷን አንሥታ ወደ እናትየው ዞረች። «ምክንያቱን መጻፍ አለብኝ። መርፌ አቋርጣለች? ወይስ ጣፋጭ በልታ ነበር?»

ጥሩነሽ አንገቷን ደፍታ «በልታለች፤ እኔ እኮ...» ብላ ጀመረች።

«አልበላችም» አለ ሙስዓብ።

ሦስቱም ሴቶች ዞረው አዩት። ከመጋረጃው ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባ። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው አላወቀም።

«ምንም አልበላችም። መርፌም አላቋረጠችም። መድኃኒቱን የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ። በረዶ ሆኖ ተበላሽቶ ነበር። አላወቅኩም አልልም፤ ዐውቅ ነበር። ለአባቴ ከሌላ ቦታ አስገዛሁ፤ ለሷ ግን ይህን ሰጠሁ።»

የሐኪሟ እስክርቢቶ ቆመ። ዐፊፋ ብልቃጡን ዘርግታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት። ሐኪሟ ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው፣ ነቀነቀችው፣ አስቀመጠችው። «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» አለች። ነገራት። የፋርማሲውን ስም ጠየቀችው፤ እሱንም ነገራት። ጻፈችው። ጥሩነሽ ጮኻ የምትሰድበው መስሎት ጠበቀ፤ ጥሩነሽ ግን እሱን እያየችው አልነበረም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ የልጇን ቀጭን ክንድ፣ ትናንት የመታችበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ቀስ እያለች ታሻሽ ነበር።

ኤዶም ከእናቷ ወደ ሰውየው፣ ከሰውየው ወደ እናቷ ተመለከተች።

«እማዬ» አለች። «ሰማሽ?»